የሰከንዱ ዓምድ

መስከረም 20 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት በጤናህ ያግኝህ። እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔ አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ፊደል አይለይም። ሐኪሙ የክሎሪኑ ጢስ ነው ይላል። እኔ ዕድሜ ነው እላለሁ። ሁለታችንም ስለማንስማማ መድኃኒቱን ትቼዋለሁ። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ እህትህ ትጽፋለች። አንተ የምትልከውንም የምታነብልኝ እሷ ናት። ጓደኛህን የምትሳደብበት ነገር ካለህ ለሌላ ሰው ጻፈው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ገንዘብ አልፈልግም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርህና ልብህ ይረፍ።

በረኪና ቤታችን ትተሃት እንደሄድከው ናት። አንድ ክፍል፣ አንድ የፕላስቲክ ገንዳ፣ አንድ ትራንስፎርመር፣ ግድግዳው ላይ የቮልት መለኪያ። ጨው በውሃ ይሟሟል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፣ በረኪና ይሆናል። ሁለት ክሊኒኮችና አንድ የልብስ እጥበት ቤት ከእኛ ይወስዳሉ። ሥራውን የሚሠሩት ግን ገንዳው ውስጥ የተንጠለጠሉት አራቱ ጥቁር ሰሌዳዎች ናቸው፤ እኛ ጥቁሮቹ እንላቸዋለን። ጥቁር የተቀባ ቲታኒየም እንደ እነሱ ያለ እዚህ አይገኝም። ቢገኝም የቤቱን ዋጋ ያወጣል።

ገንዳውን የሸጠልኝን ሽማግሌ ታስታውሰዋለህ። ሲሄድ አንድ ቃል ነው የነገረኝ። «ጥቁሮቹን ያለ ኤሌክትሪክ ጨው ውሃ ውስጥ አትተዋቸው፣ ይሞቱብሃል» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። እኛ ግን ቃሉን ይዘናል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጥቁሮቹ የተንጠለጠሉበት ፍሬም በሁለት እጅ ተነሥቶ ከውሃው ይወጣል፣ ግድግዳው ላይ ካለው መንጠቆ ይሰቀላል። መብራት ሲመጣ ይመለሳል። እዚህ መብራት በቀን አንዴም ሁለቴም ይሄዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ የምትነሣው እህትህ ናት። አልጋዋንም ገንዳው አጠገብ አድርጋለች።

አሁን የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። በጥር ይጀምራል። ቦታው የአንድ ቀን መንገድ ነው። ዘንድሮ ሃያ አራት ሞላት፤ እነሱ ደግሞ ከሃያ አምስት ያለፈ አይቀበሉም።

ሰው ቅጠር ትለኝ ይሆናል። ቀጥሬ ነበር። አምና እሷ ስትታመም አንድ ጎበዝ ለሳምንት አስቀመጥኩ። ጎበዙ ተኛ። አምስት የነበሩት ጥቁሮች አራት የሆኑት ያኔ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ። የሚነሣ ሰው አይጠፋም፤ ሲተኛም ጆሮው የማይተኛ ግን እሷን ብቻ ነው ያገኘሁት።

አንተ በዚያ አገር የምታጠናው ይህንኑ ጥቁር ሽፋን መሆኑን ነግረኸኛል። መላ ካለው ንገረኝ። መላ ከተገኘ ትሄዳለች።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ። እህትህ ሰላም ብላሃለች፤ ይህን እንድትጽፍ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።

አጎትህ


ጥቅምት 24 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። ለዓይንዎ ምሕረት ያውርድልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ክፍሌ እንደ ድሮው ናት፤ መስኮቷ ወደ ግድግዳ ነው የሚከፈተው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሽማግሌው ልክ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ጥቁሩ ሽፋን የውድ ማዕድን ኦክሳይድ ነው፤ ከጸጉር እጅግ ይሳሳል። ከስሩ ያለው ቲታኒየም ብቻውን ከቀረ የራሱን ቆዳ ያበቅላል፣ ያ ቆዳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጥቁሩ ግን ያሳልፋል። ዋጋው እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ገንዳው ራሱ እንደ ደካማ ባትሪ ሆኖ ወደ ኋላ ይገፋል። ያን ጊዜ ሽፋኑ ጠባዩ ይለወጣል፣ በትንሽ በትንሹም ይሟሟል።

እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህን ሆን ብለን እናደርገዋለን። ኤሌክትሪኩን እናቋርጣለን፣ እንመልሳለን። ከዚያ ቮልቴጁን ቀስ ብለን ከፍና ዝቅ እያደረግን የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በመስመር እንስላለን። መስመሩ ዞሮ ከመነሻው ይገጥማል። የከበበው ሆድ ሰፊ ከሆነ ሽፋኑ በሕይወት አለ፤ እየጠበበ ከሄደ እየሞተ ነው። የእኛ ምርጡ በሰባት መቶኛው ማቋረጥ ሆዱ ጠፋ።

የእርስዎ ጥቁሮች ስንት ጊዜ ተቋረጠባቸው? የተጻፈ ነገር አለ? ካለ ግልባጩን ይላኩልኝ። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ መላው አስተማሪዬን እጠይቃለሁ። ለእህቴ እንኳን ደስ አለሽ ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምክ። እኛ አለን።

የተጻፈ ነገር አለ ወይ ብለሃል። ካልተጻፈ ነገር ጋር እህትህ አትኖርም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደብተር ይዛዋለች፦ ቀኑ፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ የቮልት መለኪያው ንባብ። ሦስተኛው ደብተር ላይ ናት። እስከ ትናንት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ጊዜ ጠፍቷል። ቮልቱ ስንጀምር አራት ነበር፤ አሁን አራት ተኩል ነው። ግልባጩን አሥር ቀን ጻፈችው፤ በዚህ ውስጥ ታሽጓል።

የሰፈሩ ሰው መብራት የጠፋው ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ ለማወቅ እሷን ነው የሚጠይቃት። የእጥበት ቤቱ ሹፌር «የገንዳው ሙሽራ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። «ሙሽሪት፣ ባልሽ ዛሬ እንዴት አደረ?» ይላታል። እሷ «ጨዋማ ነው» ትለዋለች። ሳቋን ግን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ትምህርት ቤቱ እስከ ታኅሣሥ 20 መልስሽን አሳውቂ ብሏታል። እመጣለሁ ብላ ከቀረች ቦታው ይሰረዛል። ስለዚህ መላውን ቶሎ በል። «አላውቅም» ብትለኝም መልስ ነው፤ እሱንም ቶሎ በል።

አጎትህ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ስለነበር ነው።

አስተማሪዬ ቁጥሩን ሲያይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ማቋረጥ፣ ቮልቱ ግማሽ ብቻ ጨምሮ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። «ይህን የመዘገበው መሣሪያ ምንድን ነው?» አለኝ። እህቴ ናት አልኩት። ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ስለ መላው ልንገርዎ። በአሁኑ ሰዓት በሰው እጅ ከማውጣት የተሻለ የተፈተነ መንገድ አላውቅም። ጥቁሮቹን ለአደጋ ማጋለጥ አልፈልግም። እኔ ሳልጽፍልዎ ምንም ነገር አይቀይሩ።

ትምህርት ቤቶች ቦታን ለአንድ ዓመት ማቆየት ይችላሉ ይባላል። ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልለምን። እህቴ በደብተሩ አንድ ዓምድ ትጨምርልኝ፦ መብራት ከጠፋበት ጥቁሮቹ ከውሃው እስከወጡበት ስንት ሰከንድ እንደሆነ። ከሠላሳ በታች ከሆነ በጣም መልካም ነው። ያለዚህ ዓምድ ደብተሩ ግማሽ ነው።

በጤና ይቆዩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

መልስህ የመጣው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። እህትህ ግን ታኅሣሥ 19 ራሷ ስልክ ደውላ ነበር። ቦታዬን አቆዩልኝ ብላለች። አንድ ዓመት አቆይተውላታል፤ ከዚያ በኋላ ግን የለም፤ ዕድሜዋም ያልፋል። ሲነግሯት እኔ አጠገቧ ነበርኩ። «እሺ» ብቻ ነው ያለችው። ስልኩን ዘጋችና ጨው ልትለካ ገባች።

ዓምዱን ጨምራለች፤ ግልባጩንም በየወሩ ትልክልሃለች። ያንተን ደብዳቤ ባነበበችልኝ ቀን ማታ ነው ደብተሩን በማስመሪያ ያሰመረችው። በየጊዜው ላንብብልዎ ትለኛለች። ሃያ፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ። እኔ በጆሮዬ ስሰማት እንደዚያ ናት። የትራንስፎርመሩ ጩኸት ቀጥ ሲል አልጋው ሲጢጥ ይላል፣ ከዚያ ጓንቱ፣ ከዚያ ውሃው ሲንጠባጠብ። በትኩሳት ስትነድ እንኳ ተነሥታ ሰቅላ ተመልሳ ወድቃለች። ይህን ሳስጽፋት እጇ ቆመ። «ጻፊ» አልኳት። «ይሄ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። ጻፊ ብያት ጽፋለች።

እኔ ብሞክረው ብዬ ነበር፤ ዓይን ባይኖርም ጆሮ አለኝ። ሁለት ቀን ሞከርኩ። በሁለተኛው ቀን ፍሬሙን ከመንጠቆው ሳትኩትና ጥቁሮቹ ሲሚንቶው ላይ አረፉ። አንዱ ጥግ ላይ ተጭሯል። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ ይቀመጡ» ተብያለሁ።

መላው ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን።

አጎትህ


ሐምሌ 15 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራው በዝቶብኝ ነበር። ውሌ አንድ ዓመት ነው የቀረው፤ በዚያ ውስጥ የሚታተም ነገር ካልወጣልኝ አያድሱልኝም። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የደብተሩ ነገር ከጠበቅነው በላይ ሆኗል። አስተማሪዬ ዋናው ጽሑፍ እሱ ይሁን ብሏል። የእኛን ሰባት መቶ ከእናንተ ሁለት ሺህ ጋር እያነጻጸርን ነው። የሰከንዱን ዓምድ ሲያይማ «ይህች ልጅ ሰዓት ናት» አለ። ከአሥራ ስምንት በታች የለም፣ ከሃያ ሁለት በላይ የለም። በቤተ ሙከራም እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም።

አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከተጫረው ጥቁር ጥግ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ በመጋዝ ተቆርጣ ትላክልኝ። ሽፋኑን ጣት አይንካው። በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል። ቁራጯን እዚህ ጨው ውሃ ውስጥ አድርጌ መስመሩን እስላለሁ፤ ሆዱ ምን ያህል እንደቀረ ያኔ ይታወቃል።

ስለ መላው እያሰብኩበት ነው። ለእህቴ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ቁራጯ ከዚህ ጋር መጥታለች። የቆረጣትም፣ ጠርዟን በሞረድ ያስተካከላትም እህትህ ናት። የእኔ ድርሻ ጨርቁን መያዝ ነበር።

«እያሰብኩበት ነው» ያልከውን ቃል ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ስታነበው ድምጿ ያው ነው። አንዳንዴ እንዲህ ከምታነብ ብትቆጣ እላለሁ። አትቆጣም። ልብሷን ግን በሻንጣ አድርጋ አልጋው ስር አስገብታዋለች፤ ስጠርግ በእጄ አገኘሁት።

ለጥር የቀረው አምስት ወር ነው። በጥር ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ የመጨረሻዋ ነው። ይህንን እኔ ነኝ የምለው፤ እሷ አልጠየቀችህም። እሷ ከአንተ ምንም ጠይቃ አታውቅም፤ ይህንንም ጻፊ ብያታለሁ።

አጎትህ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ቁራጯን ለካኋት። ሽፋኑ ያለቀው ሲሶው ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛው በሕይወት አለ። መስመሩን ሁለት ጊዜ ደግሜ ሳልኩት፤ ያው ነው።

ጽሑፉ ተልኳል። ገምጋሚዎቹ ቁጥሩ እስከ ሦስት ሺህ ቢደርስልን ብለዋል። እንደ ስሌቴ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይደርሳል። እህቴ እስከዚያ ብትቆይልኝ ከዚያ በኋላ ለመላው ጊዜ ይኖረኛል። ትምህርት ቤቱ ነገሩን ቢያስረዱት የሚገባው ይመስለኛል።

ክብረት ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 17 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ፊደሉ እንዳይገርምህ። ይህን የሚጽፍልኝ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው። ጋራዡ ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ያለው የድሮው ነው፤ እሱ ግን ከመጣ ዓመት አልሞላውም። እህትህ ዛሬ ክሊኒክ ዕቃ ልታደርስ ሄዳለች። ይህን በእጇ እንድትጽፍ አልፈለግሁም።

ባለፈው ሐሙስ ይህ ሰው በረኪና ሊገዛ መጣ። ሒሳብ እየከፈለ ሳለ መብራት ጠፋ። እህትህ ከእጁ ብሩን ሳትቀበል ሮጠች፣ ፍሬሙን አወጣች፣ ሰቀለች። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ አያት።

«እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አላት።

ነገረችው። ጥቁሮቹ ያለ ኤሌክትሪክ ውሃ ውስጥ መቆየት የለባቸውም አለችው።

«ብዙ ኤሌክትሪክ ነው የሚፈልጉት?»

«ባዶ እንዳይሆኑ ነው እንጂ፣ ትንሽም ይበቃቸዋል መሰለኝ።»

«ታዲያ ባትሪ የላችሁም?»

የለንም አልነው።

ከጋራዡ አንድ አሮጌ የመኪና ባትሪ፣ አንድ ሪሌና አንድ የፊት መብራት አምፖል አመጣ። መብራት ሲጠፋ ሪሌው ባትሪውን ከገንዳው ጋር ያገናኘዋል። አምፖሉ በመሐል ሆኖ ኤሌክትሪኩን ያሳንሰዋል። ይበቃል። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ጨረሰው። «ሲሮጡ የታጠቁት ነው፣ ነገ አጠብቀዋለሁ» አለኝ፤ ግን እስከ ዛሬ አልላላም። መብራት በጠፋ ቁጥር አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል ይሉኛል። እኔም ጥላው ይታየኛል። ጥቁሮቹ ውሃ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፣ ቮልቱም አልተነቃነቀም። ስንት ነው የምከፍልህ ብለው አንድ ጄሪካን በረኪና አለ።

(እዚህ ላይ ጸሐፊዬ «ይሄንንም ልጻፈው?» ብሎኛል። ጻፈው ብያለሁ።)

በማግስቱ እህትህ ሻንጣዋን ይዛ ትምህርት ቤቱ ሄደች። አንተ ትቆይልኝ ስላልክ በጥር ስትጠበቅ ቀርታ ነበርና ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። ለሚመጣው ጥር ደግሞ ሃያ ስድስት ይሆናታል። በሄደችበት አውቶቡስ ተመለሰች። ሹፌሩ ያው ስለነበር ዋጋውን አላስከፈላትም አለችኝ። ያወራችልኝ ይህን ብቻ ነው።

እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ ይህ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ካየው፣ አንተ ስድስት ዓመት ያጠናኸው ሰው አላየኸውም ነበር? ልጣላህ አይደለም። ለማወቅ ነው። አላውቅም ነበር ካልከኝ አምንሃለሁ። ሰው አጠገቡ ያለውን አያይም፤ እኔ ራሴ ሰባት ዓመት ሙሉ በጋራዡ በር ላይ አልፌያለሁ።

አጎትህ


ግንቦት 30 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን እህቴ እያነበበችልዎ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው።

አውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን አውቅ ነበር። እኛ ዘንድ ይህ የማንኛውም መመሪያ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለ ነገር ነው፦ ሽፋኑ ሥራ ሲፈታ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይያዝለት ይላል። ባትሪ ይበቃል። አምፖሉንም ቢሆን አስቤው ነበር። በዚያው ማታ ጽፌው ነበር፤ ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ጠዋት ላይ ቁጥሩን ልጠይቅ ብዬ ሌላ ወረቀት ጻፍኩ።

ባትሪው ቢገባ ማቋረጡ ማቋረጥ መሆኑ ይቀራል። ደብተሩም በዚያው ይዘጋል። በእጅ እየወጣ፣ በሐቀኛ ሰው እየተመዘገበ፣ ይህን ያህል የቆየ ሽፋን ሌላ ቦታ የለም። አንድ ዓመት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላ አንድ ዓመት ሆነ። «በሰው እጅ ከማውጣት የተሻለ መንገድ አላውቅም» ያልኩት ውሸት ነው። «እያሰብኩበት ነው» ያልኩትም ውሸት ነው።

ቁጥሩ ሦስት ሺህ ባይሞላም ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቷል። ውሌም ታድሷል። በመጨረሻው ገጽ ምስጋና አለ፤ «ለገንዳው ተቆጣጣሪ» ይላል። ስሟን ልጽፍ ብዬ አስተማሪዬ ዘመድ መሆኗ ከታወቀ ቁጥሩን ይጠራጠራሉ አለኝ።

ይቅርታ አድርጉልኝ የምልበት አፍ የለኝም።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 21 ቀን

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ። አጎቴ ደህና ናቸው። ይህን የምጽፈው ለራሴ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰ። አጎቴ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «አንብቢ» አሉኝ። ሰላምታውን አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አንዷን መስመር በዓይኔ አየሁና ሳል አስመሰልኩ። ውሃ ጠጣሁ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር ይላል» አልኳቸው።

የቀረውን ከራሴ አነበብኩላቸው። እኛ የምናጠናው ሽፋኑን ብቻ ነው፣ የመኪና ባትሪ ትዝ አይለንም ይላል አልኩ። ያ ሠራተኛ ከአስተማሪዬ ይበልጣል ይላል አልኩ። በጣም አዝኛለሁ ይላል አልኩ። የምለው እንዳያልቅብኝ ቀስ እያልኩ ነው ያነበብኩት፤ ያንተ ፊደል ደቃቃ ስለሆነ ለማንበብ ይከብዳል ብላቸው ይታመናል።

አጎቴ ሳቁ። «ብዬሽ አልነበር? የተማረ ሰው ጫማውን አጥልቆ ጫማውን ይፈልጋል» አሉ። ከዚያ «እኔ ደግሞ ክፉ ነገር ጠርጥሬ ነበር፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ» አሉ። ምሳቸውን ሁሉንም በሉ። ሰንብቷል እንዲህ ከበሉ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ስትጽፍ እንደማያውቅ ሰው ጻፍ። ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ከራሴ ማንበብ አልችልም።

እኔ አለሁ። ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ሽቦ እጠቀልላለሁ፤ ሠራተኛው እጅሽ ፈጣን ነው ብሎ ወሰደኝ። በረኪናው ብቻውን ይሠራል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ አሁንም እነሣለሁ። ተነሥቼ አምፖሉ ሲበራ አያለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ።

ደብተሩን ባትሪው የገባ ቀን ዘግቼዋለሁ። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስምንት ላይ ነው የቆመው። ከሦስት ሺህህ ሠላሳ ሁለት ጎድሎሃል።

አንድ ነገር ይቀራል። የጠፋበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ ቮልቱ፣ ሁሉም እውነት ነው። የሰከንዱ ዓምድ ግን እውነት አይደለም። አንድም ቀን አልቆጠርኩም። ፍሬሙ በሁለት እጅ ነው የሚነሣው፣ እጄ ጓንት ውስጥ ነው፣ ክፍሉ ጨለማ ነው። በየትኛው እጄ ሰዓት ልያዝ? ይህን ስትጠይቀኝ ክፍሉን ረስተኸዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እዚህ ስድስት ወር ሠርተህበት ነበር። ከሠላሳ በታች ቢሆን መልካም ነው ስላልክ ሃያ ጻፍኩ። ሁሉም ሃያ እንዳይሆን አንዳንዱን አሥራ ስምንት፣ አንዳንዱን ሃያ ሁለት አደረግሁት። አምስት መቶ ምናምን ጊዜ። አንዳንድ ሌሊት አንድ ደቂቃም ሁለት ደቂቃም የፈጀብኝ አለ፤ አንዳንዴም እንቅልፍ ጥሎኝ መብራቱ ሲመጣ ነው የነቃሁት። እሱንም ሃያ ብዬዋለሁ።

ለአስተማሪህ ይህን ደብዳቤ ልታነብለት ትችላለህ። ወይም እኔ ለአጎቴ እንዳነበብኩት አንብብለት።

እህትህ